ሲግናል የማይደርስበት ሐይቅ

አባቴ ጅሬኛ ቅዳሜን ለማንም ለቆ አያውቅም። ፎርት ስኔሊንግ በኩል ካለው ፓርኪንግ ወደ ኤርፖርቱ መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ነበር የሚነዳው፤ ቅዳሜ ደግሞ መንገደኛው የሚበዛበት፣ ቲፑም ደህና የሚሆንበት ቀን ነው። ልደቴ ቅዳሜ ዋለ ብሎ ወደ ማክሰኞ ያዛወረ ሰው ነው። ልብ በሉ፣ የገዛ ልጁን ልደት! እንግዲህ ይህ ሰው ነው አንድ የመስከረም ዓርብ ማታ፣ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ፣ "ነገ ካምፒንግ እንሄዳለን" ያለን።

እኔ አሥር ዓመቴ ነበር፤ ሶፋው ላይ ቆሜ ዘለልኩ። እናቴ ፈነት ግን አልዘለለችም። ሽንኩርት የምትከትፍበትን ቢላ አስቀምጣ አባቴን ከእግር እስከ ራስ አየችው።

"ሥራስ?" አለችው።

"ኦፍ ጠየቅሁ።"

"አንተ? ቅዳሜን?"

"ምን ችግር አለው? ሰው አይዝናናም እንዴ? ጋሼ ርእሶም ካምፐራቸውን ይዘው ይመጣሉ። ጫካ ውስጥ በነጻ የሚታደርበት ቦታ ያውቃሉ። በነጻ እኮ ነው!"

"በነጻ፣" አለች እናቴ ቀስ ብላ። ከዚያ ቢላዋን አንስታ መክተፏን ቀጠለች።

እኔ በሆዴ እየሳቅሁ ነበር። ምክንያቱን አውቃለኋ! የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አባቴ ከትምህርት ቤት ሲያመጣኝ ስልኩ ጠራ። ከመኪናው ጋር ስለተያያዘ ድምፁ በስፒከሩ ወጣ። ነቀምት ያሉት የእናቴ አባት፣ አባባ ኤዶሳ ነበሩ። አንድም ቃል አልተናገሩም። ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ እህ-እህ-እህ ሲሉ ብቻ ሰማሁ፤ ከኋላቸው ደግሞ አክስቴ "በቃ አባባ፣ በቃ" ትላለች። አባቴ ስፒከሩን አጥፍቶ መኪናውን ጥግ አስያዘና ወረደ። የሰው አጥር ተደግፎ ብዙ አወራ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል።

"አባባ ምን ሆነው ነው የሚስቁት?" አልኩት።

መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። "ቀልድ ነው፣" አለ በመጨረሻ። "ቀልድ ነግረውኝ ነው።"

"አንተስ ለምን ታለቅሳለህ?"

"አለርጂ ነው። ዱረቲ፣ ስሚኝ። አባባ መደወላቸውን ለእማዬ አትነግሪያትም። እሁድ አጎትሽ ዲንሳ ከዴንቨር ይመጣል። እሱ እስኪመጣ እማዬ ምንም መስማት የለባትም።"

"ሰርፕራይዝ ነው?"

ቃሉን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። አባቴ ሲሰምጥ ገመድ እንደተጣለለት ሰው ያዘው። "አዎ፣" አለኝ፣ "ሰርፕራይዝ ነው።"

ያገሬ ሰው እስካሁን ነገሩ ገብቶታል፤ እኔ ግን የሚኒሶታ ልጅ ነኝና አልገባኝም። ሴት አያቴ፣ በኦሮምኛ አኮ የምንላት፣ በዚያው ዓርብ ሞታለች። እናቴ ከስንት ዓመት በኋላ ለገና ልታያት ቲኬት ቆርጣ ነበር። በእኛ ዘንድ ደግሞ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ብቻውን እያለ፣ ሥራ ላይ እያለ አይረዳም። ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። እናቴ አሜሪካ ውስጥ ያላት የሥጋ ዘመድ ወንድሟ ዲንሳ ብቻ ነው፤ እሱም ያን ጊዜ የጭነት መኪና ይዞ መንገድ ላይ ነበር። መኪናውን መልሶ ለመብረር ቅዳሜ ማታ ይሆንበታል። እስከዚያ እሷን ከወሬ ማን ይጠብቃት? የምንኖርበት ብሩክሊን ሴንተር ወሬ ውሎ የሚያድርበት ሰፈር አይደለም። ፌስቡክ አለ፣ ቸርች አለ፤ እሷ የምትሠራበት የኒው ሆፑ የአረጋውያን ቤት ደግሞ ግማሹ ሠራተኛ የወለጋ ልጅ ነው። አንዷ መጥታ "እግዜር ያጽናሽ" ካለቻት አለቀ፣ ደቀቀ።

መላውን የዘየዱት ጎረቤታችን አቦይ ርእሶም ናቸው። ኤርትራዊ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። የእናታቸውን ሞት የሰሙት አውቶቡሱ ላይ ነው። አንድ የሚያውቁት ሰው ገብቶ ካርዱን እያስነካ፣ "እናትዎን ነፍስ ይማር" አላቸው። የሰሙ መስሎት ነው፤ ምስኪን። ተሳፋሪውን እንደያዙ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ነዱ። ስለዚህ አባቴ ሄዶ ሲያማክራቸው ብዙም አላሰቡም አሉ። "ሲግናል የሌለበት ቦታ አውቃለሁ" ነበር ያሉት።

ቅዳሜ ጠዋት ቤቱ በእናቴ ስልክ ፍለጋ ተተራመሰ። ስልኩ ያለው አባቴ ጃኬት ኪስ ውስጥ ነው፤ እሱ ግን ከእሷ እኩል ትራስ እያነሳ፣ "ሶፋ ሥር ገብቶ ይሆናል፤ ስንመለስ እንፈልገዋለን" ይላል። አባቴ እንዲህ ያለ ተዋናይ መሆኑን አላውቅም ነበር። እናቴ ድንገት ፍለጋውን ተወችና መኝታ ቤት ገባች። ተከተልኳት። ለገና የምትይዘውን ሻንጣ ከአልጋው ሥር ስባ ከፍታዋለች። የአባባ ኤዶሳን ሹራብ፣ የእህቷን የእጅ ሰዓት፣ እግሯ ለሚያብጠው ለአኮ የገዛችውን ሰፊና ለስላሳ ጫማ አንድ በአንድ እየነካች ትመልሳለች። ለካምፒንግ ልብስ የምትመርጥ መስሎኝ፣ "እማዬ፣ ዊ አር ሌት!" ብዬ ጮህኩባት። ሻንጣውን ዘጋችው።

ውጭ አቦይ ርእሶም አሮጌ ካምፐራቸውን፣ ያንን አልጋ ያለውን ተጎታች፣ ፒክአፑ ላይ አያይዘው ቆመዋል። ሚስታቸው አደይ ንግስቲ የመንገድ ምግብ ቋጥረውልናል። ከአባቴ እጅ የቤታችንን ቁልፍ ተቀበሉና፣ "አበባውን ላጠጣላችሁ" አሉ። እኛ ቤት አበባ የለም። እናቴን አቅፈው ሲስሟት ፊታቸውን ወደ ጎን አዞሩ። እኔማ ወዲያው ተረዳሁ፤ ፊኛ ሊሰቅሉ ነው!

ወደ ሰሜን ነዳን። አባቴና አቦይ ርእሶም ከፊት፣ እኔና እናቴ ከኋላ። ሁለቱ የሚግባቡት በአማርኛ ነው፤ እኔ ቤት ውስጥ ኦሮምኛ፣ ውጭ እንግሊዝኛ ነበርኩና ያኔ የአማርኛውን ግማሹን ብቻ ነበር የምይዘው። ስለ ጎማ፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ አሣ ያወራሉ። ሁለት ሰዎች ስለ አሣ እንደዚያ ተጨንቀው ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። እናቴ መስኮቱን እያየች ነው።

ሂንክሊ ላይ ነዳጅ ልንቀዳ ቆምን። "ጋሼ፣ እስቲ ስልክዎን ይስጡኝ፣" አለች እናቴ። "ሥራ ልደውል፤ የማስተካክለው ሺፍት አለኝ።"

"ባትሪ የለውም፣ ጓለይ፣" አሉ አቦይ ርእሶም፤ በትግርኛ "ልጄ" ማለታቸው ነው። አፋቸውን ሳይገጥሙ ስልኩ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ነዘረ። ነዘረ፣ ነዘረ፣ ነዘረ። አራታችንም ሰማነው። አቦይ ርእሶም እንዳልሰማ ሰው የነዳጁን ክዳን ማጥበቅ ጀመሩ፤ አባቴ ጫማውን ያያል። እኔ ሳቄ ሊያመልጠኝ ሆነና አፌን በሹራቤ አፈንኩት።

"እሺ፣" አለች እናቴ። ከዚያ ወዲያ ስልክ የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። ካምፒንጉን ጠልታ ያኮረፈች መሰለኝና አዘንኩላት።

ቦታው የመንግሥት ደን ነው። በር የለው፣ ቢሮ የለው፣ ከፋይ የለው፤ በአቧራ መንገድ ገብቶ ዛፍ መሐል ባዶ ቦታ ማግኘት ብቻ ነው። አባቴ ካምፐሩን ወደ ኋላ ላስገባ ብሎ መሪውን ተቀበለ። ዕድሜ ልኩን ሲነዳ የኖረ ሰው ጉድ ሆነ። ቀኝ ሲያዞር ካምፐሩ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ግራ ሲያዞር ዛፍ ሊገጭ ይደርሳል። "አይ የኤርፖርት ሹፌር! መንገደኛውን እንዲህ ነው የምታደርሰው?" አሉ አቦይ ርእሶም እየሳቁ። እናቴም ሳቀች። ሆዷን ይዛ፣ ጎንበስ ብላ፣ እንባዋን በሻርፗ እየጠረገች ሳቀች። ሌላው ሳቁን ጨርሶ እንኳ እሷ አላቆመችም። እሰይ፣ ኩርፊያው ለቀቃት አልኩ።

ጎማው ሥር እንጨት ደገፍን፣ የውኃ ጀሪካኖቹን አወረድን። ታብሌቴን ከፍቼ ሳየው ሲግናል የሚባል የለም። አባቴ የራሱን ስልክ ወደ ሰማይ ዘርግቶ ዞር ዞር አለና፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻው ወረደ። ከአቦይ ርእሶም ጋር ማገዶ ሊለቅሙ ወደ ጫካው ገቡ፤ እኔና እናቴ ወደ ሐይቁ ወረድን።

ዳር ተቀምጠን እግራችንን ነከርን። ውኃው ይቀዘቅዛል። እናቴ ማዶውን ታያለች፤ እኔ ደግሞ ምስጢሩ ጉሮሮዬ ላይ ደርሷል።

"እማዬ፣ አትዘኚ። ነገ ደስ የሚልሽ ነገር አለ።"

"ምን?"

"አልናገርም። ሰርፕራይዝ ነው። አጎቴ ዲንሳ..." አፌን በሁለት እጄ ያዝሁ።

እናቴ ዞረች። "ዲንሳ ምን?"

"ኦ ማይ ጋድ! እሺ፣ ይመጣል። ነገ ይመጣል። አባዬ እንዳትሰማ ብሎኝ ነበር።"

ዓይኗን ጨፈነች። "ተመስገን፣" አለች። "ዲንሳ ደህና ነው።"

"ደህና ነዋ! ምን ይሆናል?"

ፀጉሬን ከፊቴ ላይ ሰበሰበችልኝ። "ሌላስ ማን ደወለ፣ የኔ ቆንጆ?"

አንዴ አምልጦኛል፤ የቀረው ምን ይጠቅመኛል? "አባባ ኤዶሳ። ለአባዬ ቀልድ ነግረውት ሲስቁ ሰማኋቸው። ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ነው የሳቁት። አክስቴ እንኳ 'በቃ አባባ፣ በቃ' ትላቸው ነበር።"

"እንዴት ነው የሳቁት?"

የሰው ድምፅ መምሰል እችልበታለሁ፤ ክፍሌ ውስጥ የታወቅሁ ነበርኩ። አገጬን ደረቴ ላይ አደረግሁና እህ-እህ-እህ አልኩላት። በጣም ትኩር ብላ ስላየችኝ የወደደችው መስሎኝ ደገምኩላት።

"አኮስ?" አለች። "የአኮን ድምፅ አልሰማሽም?"

"አኮ አልነበረችም። ተኝታ ይሆናላ።"

እፍኝ ሙሉ አሸዋ ጨብጣ፣ በጣቶቿ መሐል እስኪያልቅ ያዘችው። ከዚያ ግንባሬን ሳመችና፣ "ዱረቲ፣ የነገርሽኝን ለአባትሽ አትንገሪው፣" አለች። "ሰርፕራይዙ ይበላሽበታል። ስንት ደክሞበታል።"

አስቡት እንግዲህ፤ ሁለት ምስጢር ጠባቂ ሆንኩ! ከደስታዬ ብዛት ቀጫጭን እንጨት ልቀሚ ስትለኝ እየሮጥኩ ሄድኩ። ከቁጥቋጦው ጀርባ ሆኜ ሳያት ቀሚሷን ሳትሰበስብ እስከ ጉልበቷ ውኃው ውስጥ ገብታ ቆማለች። ፀሐይ ልትገባ ነበር። ሐይቁ መሐል ሉን የሚሏት ወፍ አለች፤ ጥቁርና ነጭ፣ ድምፅዋ ረጅምና የሚያለቅስ ዓይነት። እሷ ስትጮህ ሌላዋ ከዳር ትመልስላታለች። ደግማ ስትጮህ ደግማ ትመልሳለች። ሮጬ ሄጄ ለአባቴ፣ "ሁለት ወፎች እየተነጋገሩ ነው!" አልኩት። አባቴም ቆሞ ሰማና፣ "እንዴት ደስ ይላል፣" አለ።

ወፏ አንድ ነበረች። ይህን ያወቅሁት አድጌ ነው።

ራት ላይ እናቴ ልብሷን ቀይራ፣ ፊቷን ታጥባ፣ የአደይ ንግስቲን ምግብ አቀረበች። ለአቦይ ርእሶም አጎረሰች፤ ለአባቴም ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ አጎረሰችው።

"ዛሬ ምን ተገኘ?" አለ አባቴ አፉ ሞልቶ።

"ቅዳሜህን ስለሰጠኸኝ ነው፣" አለችው።

አባቴ መዋጥ አቃተው። ውኃ ስጡኝ ብሎ ተነስቶ ወደ ካምፐሩ ሄደ፤ እዚያ ቆየ። አቦይ ርእሶም እሳቱን በእንጨት እየቆሰቆሱ በትግርኛ ለራሳቸው አንድ ነገር አጉረመረሙ። አራት ሰው አንድ እሳት ከብበን እያንዳንዳችን ከሌላው የምንደብቀው ነገር ነበረን፤ ደስ ብሎት የደበቀ ግን እኔ ብቻ ነበርኩ።

እሁድ ገና በማለዳ ተነሳን። ወደ ሂንክሊ ስንቃረብ የሁሉም ስልክ ባንድ ጊዜ መጮህ ጀመረ፤ የእናቴ እንኳ አባቴ ኪስ ውስጥ ጮኸ። ማንም አላነሳም። እናቴ፣ "ስልኬ ከሶፋው ሥር እዚህ ድረስ መጣ እንዴ?" አላለችም። ሻርፗን ከአንገቷ አውርዳ ጭኗ ላይ ደጋግማ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች።

የሰፈራችን መንገድ ከዳር እስከ ዳር በመኪና ተሞልቷል። ይሄን ሁሉ ሰው ለእማዬ! ፒክአፑ ሳይቆም በሩን ከፍቼ ሮጥኩ። ሳሩ ላይ፣ ደረጃው ላይ ሰው ቆሟል፤ ሴቶቹ ጥቁር ለብሰዋል። ፊኛ የለም። አጎቴ ዲንሳ በሩ ላይ ቆሟል፤ ፓስተሩ አጠገቡ አሉ። ዓይኔ ፊኛ እየፈለገ፣ ባለ በሌለ ድምፄ፣ "ሰርፕራይዝ!" ብዬ ጮህኩ።

ማንም አልሳቀም። አደይ ንግስቲ ከመሐል ወጥተው ጭንቅላቴን ሆዳቸው ውስጥ ቀበሩት። በክንዳቸው ሥር አጮልቄ እናቴን አየኋት። በዝግታ እየተራመደች መጣች፤ ከደረጃው ግርጌ ስትደርስ ዞራ አባቴን አየችው፣ ከዚያ ወንድሟን። ዲንሳ አፉን ከፈተ፤ ግን እሱ ምንም ሳይናገር እናቴ ጮኸች። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእናቴ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ዲንሳ በአንድ በኩል፣ አባቴ በሌላ በኩል ያዟት። አልወደቀችም። አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አለርጂ ነው ሳይል አለቀሰ።

ለገና አልሄደችም። ሹራቡንና ሰዓቱን በሰው ላከች፤ የአኮን ጫማ ግን ራሷ ለሥራ አደረገችው። ሰፍቷት በወፍራም ካልሲ ነበር የምትሄድበት፤ ሶሉ እስኪያልቅ አልጣለችውም።

አሁን ትልቅ ሰው ሆኛለሁ፤ መርዶ ሲኖር ከሚሄዱት ጋር እቆጠራለሁ። አማርኛውንም በአደይ ንግስቲ ኩሽና አቃንቼዋለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው በር ልናንኳኳ ስንሄድ ድራይቭ የማደርገው እኔ ነበርኩ፤ እናቴ አጠገቤ ተቀምጣለች። ማለዳ ነው፤ መኪናው ገና አልሞቀም።

"እኔ ዓርብ ማታ ነው ያወቅሁት፣" አለች ከመሬት ተነስታ።

"ምኑን?"

"አባትሽ ቅዳሜን ሲለቅ። የኔ ባል ሰው ሳይሞት ቅዳሜ አይለቅም። የሱ ዘመድ ቢሆን ደግሞ እኔን ጫካ አይወስደኝም። ማን እንደሆነ ነው ያላወቅሁት። ሂንክሊ እስክንደርስ አባቴን ገደልኩ፤ ከሂንክሊ ወዲያ ዲንሳን ገደልኩ። አንዱን ስቀብር ሌላውን ሳስነሳ ዋልኩ፣ ዱረቲ። ሐይቁ ዳር ነው አንቺ ያሳረፍሽኝ።"

መኪናውን ጥግ አስያዝኩ፤ መንዳት አልቻልኩም። እህ-እህ-እህ ብዬ አገጬን ደረቴ ላይ ያደረግሁት ትዝ አለኝ። "ወይኔ እማዬ! ለምን አላለቀስሽም?"

"አለቀስኩ እንጂ። ከወፏ ጋር።" መስኮቱን አየች። "ሰዉ ሁሉ ለኔ ብሎ ይሄን ያህል ሲዋሽ፣ ሲለፋ፣ እንዴት አፈርሰዋለሁ? አባትሽ ቢያውቅ ራሱን ይቅር አይልም። እስከ በሩ ልድረስለት አልኩ። ደረስኩለት።" ከዚያ ጉንጬን መታ መታ አደረገችና፣ "በይ ንጂ፤ ሰዎቹ ይጠብቁናል፣" አለችኝ።

አባቴ ዛሬ በዚህ ጉዳይ የታወቀ አዋቂ ነው። አንድ ሰው ዘመዱ ሞቶ ቤተሰብ እስኪሰበሰብ መሸሸግ ሲያስፈልግ፣ "ጅሬኛን ጠይቁት" ይባላል። ባለፈው ሰሞን እንኳ ሽማግሌዎች እኛ ቤት ተቀምጠው እንዴት እንዳደረገው ሲጠይቁት፣ ካምፐሩን፣ ስልኩን፣ ሂንክሊን አንድም ሳያስቀር ተረከላቸው። እናቴ ሻይ እየቀዳች ነበር።

"እስከ በሩ ድረስ ምንም አልሰማችም!" አለ አባቴ። "እሷው አለች፣ ጠይቋት!"

ሁሉም ወደ እናቴ ዞሩ። ብርጭቆውን ሞልታ አስቀመጠች። "እውነቱን ነው፣" አለች። "በሩ ላይ ነው የሰማሁት።"

አባቴ ይህን ሲያወራ ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ ድምፁ ይሰበራል። ያን ቀንም ተሰበረ። "ምንም ቢሆን ብቻዋን አልሰማችውም፣" አለ፤ "ብቻዋን ሆና አልሰማችውም።"

እሱስ እውነቱን ነው። እኔ አጠገቧ ነበርኩ።